የዘውዱ ቤት ምልክት

ደብረ ታቦር፣ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ መዝገቡ፣ ይህች ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ሶቪየት አገር በደኅና ታግኝህ።

ማን ጻፈለት ብለህ እንዳትጨነቅ፤ እኔው አባትህ ነኝ! የማታ ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ እንደ እርሻ በሬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መስመሩ ከተጣመመ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

ፎቶግራፍህ ደረሰን። ኮቱ አምሮብሃል። እናትህ ግን ያየችው ወንበሩን የያዘውን እጅህን ነው። በጣቶችህ መገጣጠሚያ ላይ እብጠቶቹ ወጥተዋል።

«እልልል! የዘውዱ ቤት ምልክት ወጣለት! በሰው አገርም ደሙ አልካደው!» ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። ለእልልታ የማልሰንፈው እኔ ግን ፎቶግራፍህን ይዤ ደጅ ወጣሁ።

ምልክቱን ታውቀዋለህ። አያትህ ዘውዱ በጣታቸውና በተረከዛቸው ጅማት ላይ ነበራቸው፤ ወንድሜ ደምሴም፣ እኔም። ምልክቱ ለወጣለት ሰው የቅርጫው ጮማ፣ የበጉ ላት፣ የቅቤው አናት የእሱ ነው። ላት በመብላት ከጉና እስከ እብናት የሚያህለኝ አልነበረም።

አወዳደቃቸውን ግን አልነገርንህም። አያትህ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ፣ መንሹን እንደ ያዙ ቀጥ ብለው ቆሙና «ማን ነው ደረቴ ላይ የተቀመጠው?» አሉ። ሰው ቀልድ መስሎት ሲስቅ ወደቁ። ደምሴም በእሳቸው ዕድሜ፣ በዚያው አውድማ፣ ያንኑ ቃል ጠይቆ ወደቀ። አባቱ ሲሞቱ በቦታው አልነበረም፤ ቃሉንም የነገረው የለም። ሰው «አባቱ ጠሩት» አለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚያበራይ የለም፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ግን ገለባው ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ወር፣ በእነሱ ዕድሜ ደርሼ፣ ዳገቱን ስወጣ የእኔም አፍ ያንን ጥያቄ ጠየቀ። እኔ አላዘዝሁትም። ብቻዬን ነበርሁ፤ የሚመልስልኝ ያለ መስሎኝ ግን ዞሬ አየሁ።

ጎንደር ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ደረቴን ትቶ ተረከዜን ዳበሰ!

«ዶክተር፣ የእኛ አገር ሰው ልቡ ከላይ ነው» አልሁት።

አልሳቀም። «አባትዎ እንዴት ሞቱ?» አለኝ። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ደሜን ቀድቶ አዲስ አበባ ላከው። መልሱ ሲመጣ «በደምዎ ያለው ስብ ከልክ አልፏል። በልብ ደም ሥር ውስጥ እየተለጠፈ መንገዱን ይዘጋል። እብጠቱም ያው ስብ ነው። በዘር ይወርዳል፤ ልጆችዎ ይመርመሩ» አለኝ።

እንግዲህ ደረታችን ላይ የሚቀመጠውን በገዛ ጮማችን ስንቀልበው ኖረናል።

ልጄ፣ ይህ እንደ ደረሰህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። «በደሜ ያለውን ስብ ለኩልኝ» በላቸው። እናትህ ደስ ብሏት ቅቤ አንጥራ በአገር ልጅ ልካልሃለች። ልከለክላት አፌን ከፍቼ «ባሌን የጎዳሁት እኔ ነኝ» ትላለች ብዬ ዘጋሁት። አትቅመሰው። «ጣፈጠኝ» ብለህ ግን ጻፍላት።

ለእህትህ ለትርንጎ ነግሬአታለሁ። ተረከዟ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም ደሟን ልትሰጥ በሚመጣው ሳምንት ጎንደር ትወርዳለች።

ሐኪሞቹ ያሉህን ስትጽፍልን ፖስታውን በእኔ ስም አታድርገው፤ በትርንጎ ስም ይሁን። እሷም አብራኝ ተምራለች፤ እንደ እኔ ባትፈጥንም ታነበዋለች። እኔ ከእንግዲህ ቤት የምገኝ ሰው አይደለሁም፤ ሥራ በዝቶብኛል።

የጣራ ገዳም ጸሎት አይለይህ። እኛ የዘውዱ ልጆች ያላየነውን ሽበት አንተ አብቅል።

አባትህ አድማሱ ዘውዱ