የዚያ ገና የሰሊጥ ከረሜላ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። የመጀመሪያውን ስጀምር ናፍቆት ብቻ ነበረኝ። አሁን ያለኝ ሌላ ነው፤ ስሙን ለመጥራት ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፤ አንቺም ብትሆኚ ከቤቱ ነበር የምትጀምሪው።

የግቢው ጽድ ተቆርጧል፣ ሥሩ አጥሩን ሊጥለው ደርሶ ነበር። ከኋላችን የነበረው የሣር ሜዳ አሁን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ማድ ቤታችን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሱሉልታ ሰው በዝቶባታል። ውርጩ ግን ያው ነው። ክፍልሽን አልነካሁትም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ነው። ልብሶችሽን ሰጥቻለሁ፣ አልጋሽንም ፈትቼዋለሁ። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ውሸት እንዲኖር አልፈልግም።

ለገና የምንሠራውን የሰሊጥ ከረሜላ ታስታውሻለሽ። ሦስት ሰው ይፈልጋል ትዪ ነበር፤ አንቺ፣ እኔና ጫልቱ። የጎረቤታችን የአዴ ድንቄ ልጅ ጫልቱ፣ ከአዲስ አበባ ወጥተን እዚህ ከገባን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው። አንቺ ስኳሩን ታቀልጫለሽ፤ የማር መልክ ሲይዝ ሎሚ ጠብ ታደርጊበትና የተቆላውን ሰሊጥ ትጨምሪያለሽ፤ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ትገለብጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ የሱሉልታ ብርድ አይጠብቅም። ጫልቱ ዘይት በተቀባ ጠርሙስ ትዳምጠዋለች፣ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ በቢላዋ እቆርጣለሁ፣ አንቺ ከላያችን ቆመሽ «ቶሎ! ቶሎ! ድንጋይ ሊሆን ነው!» ትያለሽ።

«እትዬ፣ እርስዎስ ሯጭ ሊያደርጉን ነው» ትልሽ ነበር ጫልቱ። ጠዋት ጠዋት በደጃችን የሚያልፉትን ሯጮች ማለቷ ነው። ትስቂ ነበር።

የጾም ስለሆነ እየቀመስን እንሠራዋለን። በበዓሉ ጠዋት ትሪው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ አዴ ድንቄ ቤት ይሄዳል፤ በማር የታሸ የገብስ ጭኮ ተጭኖበት ይመለሳል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ዕቃ ባዶውን ሄዶ አያውቅም። እኔ ገና የሚባለው በዓል ይኸው የትሪ መመላለስ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ዓመት መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ። ተማሪዎች ወጡ። የጎጃም መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፣ ሚኒባሶቹ ቆሙ። የአዴ ድንቄ ማሳ ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ለእነሱ ወሬ አልነበረም። ለገና ሳምንት ሲቀረው ወታደሮች የጫልቱን ወንድም ገመቹን ከቤት ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ የሚነግር ጠፋ።

እኛ መጤ ነን። ከወዲህ ወታደሩ ከማን ጋር እንደምንውል ያያል፤ ከወዲያ ሰፈሩ ከማን ወገን እንደሆንን ይጠይቃል። አንቺ መንገድ ላይ ሰላምታሽን ማሳጠር ጀመርሽ። በአዴ ድንቄ በር ስታልፊ እርምጃሽ እንደሚፈጥን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

በዋዜማው ጫልቱ አልመጣችም። ለሁለት ሠራነው። አንቺ ገልብጠሽ ጠርሙሱን እስክታነሺ ደረቀ፤ እኔ ስቆርጠው እንደ መስታወት ተሰባበረ። «ይሁን፣ ሆድ ሲገባ አንድ ነው» አልሽ። ሲነጋ ትሪውን ሸፈንሽ። እኔ ላድርስ ብልሽ «አንቺ ቆዪ፣ ወታደር አለ» ብለሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ።

ብዙም አልቆየሽም። ትሪውን እንደያዝሽ ተመለስሽና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው።

«አንፈልግም አሉን።»

ማን አለ ብዬ ጠየቅኩሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት።

«ጫልቱ ናታ። በር ላይ ቆማ። የእናንተ ጣፋጭ እኛ ቤት አይገባም አለችኝ።»

ከዚያ አለቀስሽ። እንባሽ እውነተኛ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ያንን ከረሜላ ሁለታችን ለሳምንታት በላነው። እኔ እየበላሁ ጫልቱን እጠላ ነበር። አንቺ እያየሽኝ ታኝኪ ነበር። ገመቹ ከወራት በኋላ ተለቅቆ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊል ሄደ፤ እኔ መጋረጃ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ጫንጮ ስትዳር የጥሪ ወረቀት ልካልኝ ነበር። «ለይሉኝታ ነው፣ ተዪው» አልሽኝ። ተውኩት። አንቺ እያለሽ ዓመት በመጣ ቁጥር ከረሜላው ለሁለት ይሠራል፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ይሰባበራል። ለምን ሦስተኛ ሰው አንጠራም ብዬሽ አላውቅም። አንቺም አላልሽኝም።

የሙት ዓመትሽ ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ አዴ ድንቄ ቀሩ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጭኮ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከዚያ ገና ወዲህ የመጀመሪያቸው። እጄን ይዘው አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ብዙ አወሩኝ። ስለ አንቺ ደግነት አወሩ። ከዚያ እንደ ዋዛ እንዲህ አሉ፦

«በዚያ በክፉው ዓመት ግን ቅር ብሎኝ ነበር፣ ኢንተሎ። ጭኮዬን አሽቼ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ጫልቱም ‹ቆዪ እንጂ ሃርሜ፣ ይመጣሉ› ስትለኝ ዋለች። ፈርተው ነው ብለን ተውነው። ማን ያልፈራ አለ?»

ሃርሜ እናቴ፣ ኢንተሎ ልጄ ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልጄ እያሉኝ ነገሩኝ። እኔ አልገባኝም ነበር፤ ትሪው መጥቶ ጫልቱ መለሰችው እንጂ አልኳቸው። ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ገባቸው፤ ከእኔ ቀድሞ ገባቸው። «ረስቼ ይሆናል፣ እርጅና ነው» ብለው ምርኩዛቸውን ፈለጉ። ከሞትሽ በኋላ እንኳ ሊሸፍኑልሽ ሞከሩ እማዬ። አንቺ በሐሰት የከሰስሻቸው ሰዎች።

እንግዲህ ስሙን ልጥራው፤ ክህደት ነው።

መፍራትሽን አልከስሽም። የመንገዱ ጥግ ጋ ደርሰሽ ወታደሮቹን አይተሽ፣ ከአጥሩ ሥር ትሪውን ታቅፈሽ የቆምሽው ይታየኛል። አልቻልኩም ብለሽ ተመልሰሽ ቢሆን አቅፌሽ አብሬሽ እፈራ ነበር። ግን ትንሽ ሆነሽ እንዳላይሽ ፈለግሽ መሰለኝ። ለዚያ ብለሽ ከአጥሩ እስከ ቤታችን ባለው አጭር መንገድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሽ፤ በጫልቱ አፍም አስገባሽው። ከዚያ በኋላ በኖርሽባቸው ዓመታት ሁሉ ከአፏ ልታወጪው ትችዪ ነበር። ሆስፒታል ተኝተሽ እጄን ይዘሽ ስለ ውኃ ቆጣሪው ነገርሽኝ፣ ስለ ቁልፉ ነገርሽኝ። ጊዜ ነበረሽ።

አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ። ምናልባት አንቺ ራስሽ አምነሽው ነበር። ይህ ያጽናናኛል ወይስ ይብሳል፣ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጫንጮ ሄድኩ። እንዳላዋርድሽ ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥም ሆኜ ሁለት ጊዜ ወራጅ ልል ነበር። ጫልቱ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ሁሉንም ነገርኳት። «ምን አለች አሉሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ ቃል በቃል ደገምኩላት።

«እኔ? ከረሜላ? እምቢ?» አለችና ሳቀች፤ ልጇ መጥቶ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። «እኔ ከረሜላ መልሼ አውቃለሁ? ገልብጬ ትሪውን እልስ ነበር እንጂ!»

እኔም ልስቅ ስል እሷ አቆመች።

«እሳቸው ፈሩ፣ እሺ። አንቺስ? አጥር ነው ያለን። ተንጠልጥለሽ ‹አንቺ፣ ምን ሆነሻል?› ብትዪኝ ምን ነበረበት? ወንድሜ የት እንዳለ ሳላውቅ ነበርኮ ያን ጊዜ።»

ደንበኛ መጣ፣ ስኳር መዘነችለት፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ይቅር አላለችኝም፣ ሂጅልኝም አላለችኝም። ስወጣ ብቻ «ለገና ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ እመጣለሁ። ከመጣሽ አለሁ» አለች፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው መልሳ።

እሄዳለሁ። ባዶ እጄንም ቢሆን እሄዳለሁ። አንቺ የሠራሽው ውሸት የአንድ ጠዋት ነው፤ ሳልጠይቅ ያመንኩበት ዘመን ግን የራሴ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ባንቺ ላይ ያለኝ ቁጣ አልቀነሰም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን አጥቷል። ጠዋት ባንቺ ላይ ነው፣ ከሰዓት በእኔ ላይ።

አልረሳሽም እማዬ። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ ደግ ነበረች ብቻ ብዬ ግን አላልፍም። ደግ ነበረች፣ አንድ ጊዜ ፈርታ ዋሸች፣ እኔም ስለምወዳት አመንኳት እላለሁ። የጫልቱ ልጆች ከጠየቁኝም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ አድርጌ ነው የማስታውስሽ፤ ሌላ መንገድ አልተውሽልኝም።

ልጅሽ