ሳሎናችን የገባው ባሕር

አባ፣

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አብረውኝ የተሳፈሩ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ፣ «የሟቹ የከባድ መኪና ሾፌር ቤት ባሕር ገብቷል አሉ፤ ሰምተሻል?» አለች። ሌላዋ ደንግጣ፣ «ሰው ተረፈ?» አለቻት። ዞር ብዬ ባሕሩ ቤታችን በእርግጥ እንደገባ፣ ሰዉም ሁሉ ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ወረዱ። ከዚያ በላይ እንዳላብራራ መንገዱ አጭር ነበር።

ከተለየኸን ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያን ከጅቡቲ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ያመጣኸውን የመስታወት ሣጥን መቼም አትረሳውም። ወደብ ላይ ጭነት ስትጠብቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባ ይዞህ ወጥቶ፣ ከውሃው በታች ያየኸውን የኮራል አትክልት በየዓመቱ አንድ ቀለም እየጨመርክ ስትነግረን ኖርክ። «መኪናውን ሳቆም ባሕሩን እዚሁ ከሚሴ አስገባዋለሁ» ትል ነበር። ሕመሙ ቀደመህ። ሣጥኑን እማ ሽንኩርት አስቀመጠችበት። ለሽንኩርት ትንሽ የበዛ ክብር ነበር።

አንተን ከቀበርን በኋላ እማ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ ይህ ደንብ ነው። እሷ ግን ደንቡን አጠበቀችውና ከመኝታ ክፍሏም አልወጣ አለች። ሳሎኑ ውስጥ ሳልህ ይሰማኛል ትል ነበር። ሽንኩርቱን አውጥቼ መስታወቱን ማጠብ ስጀምር ከውስጥ ሆና፣ «ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ከሆነ አታምጪብኝ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ሌላ ትንፋሽ ሲቆም ካየሁ ጨፋ ሮቢት እህቴ ዘንድ እገባለሁ፤ መመለሴንም እንጃ።» እማ ዝታ የተወችው ነገር እንደሌለ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ነው። እኛ ዘንድ ጨው ማለት የአፋር ጨው ነው። አንተ ከባቲ ገበያ ያመጣኸው ደግሞ ጆንያ ውስጥ ተርፎ ነበር። የባሕር ውሃ ለመሥራት ካንተ ጨው የተሻለ ከየት ይመጣል አልኩ። ደግሞም የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የአፋር ሜዳ በጥንት ዘመን ባሕር ገብቶበት እንደነበር በየዓመቱ አስተምራለሁ። ስለዚህ በትምህርት የተደገፈ ስህተት ነበር። ውሃው በክረምት የደፈረሰውን የቦርከና ወንዝ መሰለ። እማ ጣቷን እንድትነክርበት በኩባያ ወሰድኩላት፤ ቀመሰችና «በዝቶበታል» አለች፣ እንደ ወጥ።

አዲስ አበባ ለቤት የሚሆን የባሕር ዓሣ ለሚሸጥ ሰው ደወልኩ። በምን ጨው እንደሠራሁት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «እህቴ፣ እሱ ለወጥ ነው» አለኝ። የባሕር ውሃ ውስጥ ከጨው ሌላ ብዙ ነገር አለ አለና፣ ለዚሁ የሚሆነውን ጨው በባልዲ ላከልኝ። ባንተ ጨው የሠራሁትን ውሃ ስደፋ አንተን የደፋሁ መስሎኝ ከፋኝ። የቀረውን ጨው ግን አልጣልኩትም፤ ዛሬም ወጣችን ውስጥ አለህ።

ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ መጠበቅ ነበር። ውሃውንና ዓሣው የሚጠለልበትን ድንጋይ አስገብቶ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ውሃውን ለኑሮ የሚመች እስኪያደርጉት ለሳምንታት ዓሣ አለማስገባት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ድንጋይ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጎረቤታችን ዘሃራ «አከም ጅርቱ» ብላ ደህንነታችንን ከጠየቀች በኋላ ወደ ድንጋዩ ዞራ፣ «እሱስ ደህና ነው?» ትላለች። ነገሩ የገባት እማ ብቻ ነበረች። ከክፍሏ ሆና፣ «ውሃውም ዒዳ ላይ ነው፤ ጊዜው ሳይሞላ ምን አስቸኮላችሁ» አለች። ካነበብኩት ሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነው።

የእሷ ዒዳ ባለቀ በሳምንቱ ዓሣው በሚኒባስ መጣ። ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቀ፣ ካውራ ጣቴ የማይበልጥ። ከሱ ጋር አንድ ትንሽ ኮራል፤ አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፣ ልክ እንዳልከን። እማ ልታየው አልወጣችም። ግን በቀን ሦስት ጊዜ ከውስጥ «በላ?» ትላለች።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን፣ እኔ ክፍል ውስጥ እያለሁ፣ የከተማው መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ይቆማል፤ ሲቆይ ዓሣው ይታፈናል። ያን ቀን ያስተማርኩትን አላስታውስም። ከሰዓት በሩጫ ስደርስ እማ ሳሎን ውስጥ ነበረች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጭልፋ ይዛ፣ ውሃውን እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሳለች። እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ርሷል። ዘሃራ አጠገቧ ቆማ፣ «ከረፋድ ጀምራ ነው። አምጪ ልተካሽ ብላት፣ አንቺ ታፈጥኚዋለሽ ብላ ከለከለችኝ» አለችኝ። እማ ሳትዞር፣ «ትንፋሽ ሲያጥረው ዝም ብዬ ልየው?» አለች።

ያን እጅ አውቀዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናትህ ማራገቢያ ይዞ ራስጌህ የዋለው እጅ ነው።

መብራቱ አሱር ሶላት ላይ መጣ። ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጣና ምግቡን በላ። እማ ጥቂት አየችው፤ ጭልፋውን አስቀመጠችና እዚያው ሳሎን ሻይ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀለለኝ፣ አባ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ጭልፋው ወደ ወጥ አልተመለሰም። የጨፋ ሮቢትም ነገር አልተነሣም። እማ አሁን ሳሎን ነው የምትውለው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ መስታወቱ እየጠቆመች፣ «የልጄ አባት ያየውን ባሕር አይቶ የመጣ ነው» ትላለች።

እኔም አልረሳህም። ጠዋት ጠዋት መብራቱን ሳበራለት ያን የጀልባህን ወሬ ከነቀለሞቹ ለራሴ እደግመዋለሁ። የጨመርካቸውንም አልቀንስም።

ዛሬ ስለ ምግቡ ልጠይቅ ለዓሣ ሻጩ ስደውል፣ የየትኛው ባሕር ዓሣ እንደሆነ በዚያው ጠየቅኩት። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ መስታወት ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገ ነው አለኝ። ለእማ አልነገርኳትም። ዓሣው ባሕር አይቶ አያውቅም።