ስልኩ በማይጠራበት ሰዓት

ኅዳር 3

ደርሶ መልስ በረራ። ምንም የተለየ ነገር የለም። ያ ባለ ሁለት ስልኩ ነጋዴ ዛሬም ነበር። አንዱን አጥፍቶ አሳየኝ፤ በሌላው ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ዋጋ ይከራከራል።

«ጌታዬ፣ ስልክዎን ያጥፉልኝ።»

«አጠፋሁ እኮ፣ እመቤት!»

«የሚያወራውንስ?»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ስቆ አጠፋ።

አርፈን ስልኬን ስከፍት እንደተለመደው… አባባ። አንዴ ጠርቶ ዝም። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሳም። የበረራ አስተናጋጅ ከሆንኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፤ «ሰው የሚሠራው እግሩ መሬት ነክቶ ነው» ካለ አለ። ቤት ስሄድ እንኳ አያናግረኝም፤ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ታዲያ ሚስኮሉ ምንድን ነው? ንዴት ነው ናፍቆት?

ኅዳር 5

ዕረፍት። ዩኒፎርም ተኮስኩ። እህቴ መጥታ የስልኬን ጥሪ የአውራ ዶሮ ጩኸት አድርጋልኝ ሄደች። ቀልዷ! ነገ እቀይረዋለሁ።

ኅዳር 9

እማዬ ደወለች። የወሩን የበረራ ፕሮግራም ላኪልኝ አለች። በየወሩ ትጠይቀኛለች… ምን ታደርግበታለች?

«እማዬ፣ አባባ እስከ መቼ ነው የሚያኮርፈኝ?»

«ልቡማ ታርቋል። አፉ ነው እምቢ ያለው።»

አፉንስ ማን ያስታርቅልኝ? ድምፁ ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 14



ጠዋት በሩ ከተዘጋ በኋላ ከፊት እስከ ኋላ ሄጄ የሁሉንም ስልክ አስጠፋሁ። ተቀመጥኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ልንነሳ ስንንደረደር… ኪሴ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ! ያን ሁሉ ሰው አስጠፍቼ የራሴን ረስቼዋለሁ። ፊት ለፊቴ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ባለ ሁለት ስልኩ።

«እመቤት፣ ዶሮውን ያጥፉልን እንጂ!»

አለቃዬ አጠገቤ ናት፤ እሷ አልሳቀችም። ቶሎ አጠፋሁት። ግን የደዋዩን ስም አየሁ። አባባ።

በዚህ ሰዓት? እሱ የሚደውለው ሳርፍ ነው። ክው አልኩ። እማዬ አንድ ነገር ሆናለች… ሻይ እየቀዳሁ፣ ትራስ እያቀበልኩ፣ እየሳቅኩ፣ በሐሳቤ እሷን ስቀብር ዋልኩ። አርፈን ከፈትኩት። ሳርፍ የምጠብቀው ያ የአባባ አንድ ጥሪ የለም። የአባባ ስልክ ዝግ ነው። የእማዬ ይጠራል፣ አይነሳም። ምርጫ አለኝ? አጥፍቼው በመልሱ በረራ ተመለስኩ።

ከአየር ማረፊያው ስወጣ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል። እማዬ በቤት ነጠላ ጫማ።

«ለምን ጠራ?» አለኝ አባባ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ።

«ምኑ?»

«ስልክሽ ነዋ! ሁልጊዜ በመነሻሽ ሰዓት እደውላለሁ። የቴሌዋ ሴትዮ ‹አሁን ማግኘት አይችሉም› ስትለኝ፣ በቃ በደህና ተነሳች ብዬ እፎይ እላለሁ። ስታርፊ ደግሞ አንዴ ሲጠራልኝ ደረሰች ብዬ እዘጋዋለሁ። ዛሬ ጠራ… ከዚያ እልም አለ። ምን ልበል?»

ፕሮግራሙን የሚያስጠይቀው ለካ እሱ ነው። ባትሪው እስኪያልቅ ሲደውል ቆይቶ ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገብቷል። እማዬም ስልኳን ቤት ጥላ ተከትላዋለች። አውሮፕላኑ በሰላም ደርሷል ቢሉት «እሷን በዓይኔ ካላየሁ» ብሎ እዚያው በሩ ላይ ዋለ።

«እኔን ሰምቶ የማያውቅ ሰውዬ» አለች እማዬ፣ «የዚያችን ሴትዮ ቃል ሲጠብቅ ይኖራል!»

አባባ ሻንጣዬን ቀማኝ። አለቀስኩ፤ እዚያው፣ በዩኒፎርም።

ኅዳር 16

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። «አንቺ ራስሽ!» አለች አለቃዬ። ምን እላለሁ? ይገባኛል። ዶሮውንም ቀየርኩት።

ኅዳር 20

በሩ ሳይዘጋ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው።

«አባባ፣ ላጠፋው ነው።»

«አጥፊው።»

ስልኩን ግን አይዘጋም።

«አባባ?»

«ጎማውን አይተውታል?»

«አይተውታል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አባባ።»

«በይ አጥፊው።»

አጠፋሁት።