የሽጉጥ ጥራት መርማሪዋ የእትዬ ካሊፐር የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ “እትዬ ካሊፐር” በሚል ስም የሚታወቁት ውድ አክስታችን፣ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው። ያደጉት ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ በነበሩት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የአባታቸውን ማጉያ መነጽር እየሰረቁ ዝንብ፣ የጨው ፍሬና የወንድማቸውን ጥርስ ሲመረምሩ ይውሉ እንደነበር ታናሽ እህታቸው ዛሬም እየሳቁ ያወራሉ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ከተከታተሉ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በ1961 ዓ.ም. በብረታ ብረት ሥራ በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በመንግሥት የጦር መሣሪያ ጥገና ወርክሾፕ፣ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠሩ። የብረት ውፍረት የሚለኩባት ካሊፐር ከጋዋናቸው ኪስ ስለማትጠፋ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው ነበር፤ በኋላ ግን ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው “ካሊፐር ነኝ” ማለት ጀመሩ።

የሚሠሩበት ክፍል የማሽን ዘይት የሚሸት፣ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛና አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ያለው ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ካሊበር ያላቸው፣ ማለትም አፈሙዛቸው ሰፊ የሆነ የብዙ አገር ሽጉጦች ይደረደራሉ፤ የቤልጂግ፣ የጀርመን፣ የአሜሪካ፣ የቼክ፣ የስፔን። ሠራተኛው ሁሉ እንደ እግር ኳስ ቡድን የየራሱን አገር ይደግፍ ነበር። ከሁሉም የባሱት የውልወላ ክፍል ኃላፊው ነበሩ። ረጅምና ዘናጭ ሰው ሲሆኑ፣ ጥሩ ሽጉጥ ማለት ጎኑን እያዩ ጸጉር የሚያበጥሩበት ነው ይሉ ነበር። እትዬ ካሊፐር ግን የአንድ አገር፣ ያውም የአንድ ፋብሪካ ሥራ እንኳ በሰላም ጊዜና በጦርነት ጊዜ እንደማይመሳሰል፣ ጥድፊያ በገባበት ዓመት የሞረዱ ጭረት ሳይጠፋ እንደሚወጣ ያስረዱ ነበር። ስለዚህ የቱ አገር ይበልጣል ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው “የስንት ዓመተ ምሕረቱ?” የሚል ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ጠባቂዎች የሚታጠቁት ሽጉጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተወሰነና ከአራት አገሮች ሦስት ሦስት ናሙና ቀረበ። ማወዳደሩ ለእትዬ ካሊፐር ተሰጠ። ከውጭ ጀመሩ፤ የቀለሙን ጥልቀት፣ የፊደሎቹን መስተካከል፣ ጠርዙ በውልወላ ብዛት መዶልዶም አለመዶልዶሙን አዩ። ቀጥለውም ፈታትተው ዓይን የማይደርስበትን የውስጡን ሥራ መረመሩ። ከአራቱ አንዱ በጣም ያምር ነበር። እሳቸውም ወደውታል፤ በመጀመሪያው ደረጃ አሰጣጣቸው አንደኛ ያደረጉት እሱኑ ነው። የየት አገር እንደነበረ ግን እስከ መጨረሻው መናገር አይወዱም ነበርና እኛም እዚህ አንጠራውም።

ተኩሱ ከተፈተነ በኋላ ከሦስቱ ውብ ሽጉጦች በአንደኛው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ማዕዘን ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ አገኙ። ዳይሬክተሩ ለአቅራቢው ቃል ሊሰጡ ምንም አልቀራቸውም ነበርና አልተደሰቱም። ሁለቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ በአንድ ሽጉጥ አገር አይኮነንም አሉ። እትዬ ካሊፐርም በዚህ ተስማሙ።

“እኔም አገሩን አልኮነንኩም ጌታዬ” አሏቸው። “ግን ከሦስቱ የቱ እንደሚደርሰው ጠባቂው በምን ያውቃል?”

ውቡ ሽጉጥ ይገዛ ብለው ካልፈረሙ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚያዛውሯቸው ዳይሬክተሩ ነገሯቸው። በዚያን ጊዜ የአባታቸው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሱቁ ተዘግቶ ስለነበር ቤቱን በደመወዛቸው የያዙት እሳቸው ነበሩ። ፈርተው እንደነበር በኋላ ለልጆቻቸው አልደበቁም። ቢሆንም አልፈረሙም።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ማንም ያላደነቃቸውን፣ ውጫቸው ሻካራ የሆኑትን የሌላ አገር ሦስት ሽጉጦች ፈትተው ክፍሎቻቸውን በአንድ ትሪ ላይ ቀላቀሉና፣ ለውቡ ሽጉጥ ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ ለነበሩት ለውልወላ ኃላፊው አቀረቡላቸው። ሰውዬው ያገኙትን እያነሡ ገጠሙ። ሦስቱም ያለ መዶሻና ያለ ሞረድ ልክክ አሉ፤ ተተኩሰውም አልከዱም። የውቦቹ ተራ ሲደርስ ግን የአንዱ አፈሙዝ ለሌላው አልገባም አለ። ገፉት፣ አዞሩት፣ ላባቸውን ጠረጉ። በመጨረሻም ትሪውን ወደ ጎን አድርገው ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ።

“ክቡር ዳይሬክተር፣ አጥንቱን እሷ መርጣለች፤ ፊቱን ለእኔ ተዉልኝ” አሉ።

ዳይሬክተሩ ሻካራው እንዲገዛ ፈረሙ። እትዬ ካሊፐርም ከሥራ ቦታቸው አልተነሡም።

የውልወላ ኃላፊው እንደ ቃላቸው እያንዳንዱን ሽጉጥ አለስልሰው አሳመሩ። ለማስመርመር ወደ ጥራት ቁጥጥር የሚመላለሱበት ጊዜ ግን ከሽጉጦቹ ብዛት በለጠ። በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ። ዳይሬክተሩ ሰርጉ ላይ ተገኝተው፣ ያ ኮሚቴ ከሠራው ሥራ ሁሉ የተሳካው ይኸኛው ነው ብለው እንግዳውን አሳቁ።

እትዬ ካሊፐር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል፤ ወንድማቸው ሲያርፉ ደግሞ ይህን ታሪክ የምጽፈውን እኔን እንደ ልጃቸው አሳድገዋል። በቤታችን ብረት ድስቱም፣ ጫማውም፣ ወንበሩም ተገላብጦ ሳይታይ አይገባም። አባወራው ቀለሙን፣ እሳቸው ብሎኑን ሲያዩ ባለሱቆች “ዕቃ ፈታቾቹ መጡ” እየተባባሉ ይጠቋቆሙ ነበር። ሴት ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ሆና የመጀመሪያውን ጥርስ የሞላችው ለእናቷ ነው። እሳቸውም በምላሳቸው ዳሰው ዳሰው፣ የላይ አጨራረሱ ጥሩ መሆኑን፣ ጥንካሬውን ግን ከዓመት በኋላ እንደሚነግሯት ገለጹላት። ልክ በዓመቱ ደውለው አለፍሽ አሏት።

በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የልኬት ሥራ አስተምረዋል። ሽጉጥ ቤታቸው አስገብተው አያውቁም። ለጠባቂዎቹ የመረጡት ሽጉጥ በአብዛኛው ከወገብ ሳይወጣ ማርጀቱ እንደሚያስደስታቸው ይናገሩ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ለጥቂት ወራት ሲታከሙ ባለቤታቸው ከአጠገባቸው አልተለዩም። በመጨረሻው ከሰዓት ብርቱካን እየላጡላቸው ሳለ፣ እትዬ ካሊፐር “ደህና አድርገን ኖርን እኮ” አሏቸው። እሳቸውም “በጣም እንጂ” ብለው ብርቱካኑን ለሁለት ከፈሉት። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በእንቅልፋቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እኔ የወንድማቸው ልጅ፣ ታናሽ እህታቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በፍቅር ያስቧቸዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከሩቅ መንገድ እንደመጣች እንግዳ በደስታ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም እንደ እሳቸው ጠግቦ መኖርን ይስጠን። አሜን።