የተንበረከከን ሰው ማንሳት

ሐሙስ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ታደሰ አንቆኝ ነቃሁ። የገዛ ባሌ! በእንቅልፉ ነው፤ ዓይኑ ግን ፈጦ ነበር። እጁን ነክሼ ነው የተላቀቅኩት። ሲነቃ ደግሞ "አንገትሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?" አይለኝም!

ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ሲወጣ ሁለት ሌቦች ከትራኩ ጎትተው አውርደው በብረት ከቀጠቀጡት ወዲህ እንዲህ ነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። ትራሱ ሥር መዶሻ ይዞ ይተኛል። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "መቱኝ፣ አለቀ" ነው መልሱ።

ልጃችን ህሊና ከሳኒቬል ደወለች። ከሳን ሆዜ ወዲያ ተራራው ላይ ያለ የጃፓን ባህላዊ ማረፊያ ቤት ሁለት ሌሊት ቡክ አድርጋልናለች። "ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ።" አንገቴን አላየች። ስካርፍ አድርጌ እሄዳለሁ።

ዓርብ

መንገድ ላይ አንዱ ጥሩንባ ቢነፋበት ታደሰ መዶሻውን ይዞ ሊወርድ ነበር። ቀበቶውን ጨምድጄ አስቀረሁት። ስንደርስ መዶሻውን መኪና ውስጥ እንዲተወው ፓርኪንጉ ላይ ስንት ተጨቃጨቅን!

ቤቱ ግን ሲያምር። በሩ ወረቀት፣ ወለሉ የሣር ምንጣፍ፣ አልጋ የሚባል የለ። ባለቤቷ እትዬ ኖሪኮ (እትዬ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ የእናቴ እኩያ ናቸው) በራፉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉ። እኔና ታደሰ እኩል ዘለን ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን ብድግ!

"ኧረ በማርያም! ይነሱ!"

ሴትዮዋ ክው አሉ። ለካ ሰላምታ ነው! እኛ ጋ ሰው ተንበርክኮ ሲለምን የተለመነው ሰው ካላነሳው እንቢ ማለት ነው ብዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ታደሰም ሳቀ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

ፍል ውሃቸው ውስጥ ተዘፍዝፌ አጥንቴ ሁሉ ተፍታታ። ራት ላይ ጾመኞች ነን ስላቸው የአኩሪ አተር ቶፉ አመጡልን። አይብ ይመስላል፣ ግን ጾም ነው፤ ደስ አለኝ። በረደኝ አልኩ፣ ታደሰ ነጠላዬን ሊያመጣልኝ ወደ ክፍላችን ሄደ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ ጩኸት።

እንግዳ ራት ሲበላ ክፍል ገብቶ ፍራሽ የሚያነጥፍ ሠራተኛ እንዳለ ማን ነግሮን! ራሞን ይባላል። ታደሰ በወረቀቱ በር ውስጥ ያየው የሰው ጥላ ነው፣ ሻንጣችን አጠገብ ያጎነበሰ። ስደርስ በሩ ተቀዷል፤ ታደሰ ሰውየው ደረት ላይ ተቀምጦ በራፍ ላይ ባገኘው የእንጨት ነጠላ ጫማ ፊቱን ይወቅጠዋል። "ሌባ! ሌባ!" ይላል በአማርኛ። ነጩ ፍራሽ በደም ርሷል። ጀርባው ላይ ተከምሬ በፀጉሩ ጎተትኩት፤ በክርኑ ከንፈሬን አፈነዳው። ራሞን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ "ምን አደረግኩህ? ምን አደረግኩህ?"

ቅዳሜ

ራሞን ቅንድቡን ተሰፍቶ መጣ፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ፖሊስ ልጥራ አልጥራ፣ እስከ ነገ ላስብበት አለ። እትዬ ኖሪኮም "የተመታው እሱ ነው፣ የሚወስነውም እሱ ነው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ታደሰ ከተከሰሰ የወደብ መግቢያ ካርዱን ይነጥቁታል፤ ያለ ካርድ ትራክ የለም። እስርም አለ።

"ሂድና ይቅርታ ጠይቀው" አልኩት።

"ጠይቄዋለሁ። ሌባ መስለኸኝ ነው ብዬዋለሁ።"

"ይሄ ይቅርታ ነው? ሰውየውን መልሶ መስደብ ነው እንጂ! ያደረጉህን ንገረው።"

"ምኑን ልንገረው ብርቄ? ተንበርክኬ ለመንኩ ልበለው?"

አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"በልጄ ብዬ ተንበርክኬ ለመንኳቸው። እየሳቁ በጫማቸው አፌን አሉኝ።"

ለካ ጥርሱን ያወለቀው ብረቱ አይደለም። ተነሥቶ የቀረውን የወረቀት በር በቡጢ በሳው፣ ደጋግሞ በሳው። አልከለከልኩትም። ወረቀት ነው። ግን ፈራሁት፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። እትዬ ኖሪኮ ምንም ሳይጠይቁ እሳቸው ክፍል አነጠፉልኝ።

እሑድ

ራሞን ጠዋት ግቢውን ሲጠርግ ታደሰ ሄዶ ጠጠሩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ያቺው እንግሊዝኛውም ጠፋችው። "ፕሊስ" ብቻ። ከዚያ አፉን ከፍቶ የጥርሶቹን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳየው፤ ወደ ጉልበቱ ጠቆመ፣ መልሶ ወደ አፉ።

ራሞን መጥረጊያውን እንደ ዱላ ጨብጦ ቆመ። በቃ ሊፈነክተው ነው አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቢፈነክተውም አልፈርድበትም ነበር። እትዬ ኖሪኮ ሊያነሱት ሮጡ፤ ክንዳቸውን ያዝኩ። የተለመኑት እሳቸው አይደሉም። ዞረው አዩኝ፤ ገባቸው መሰለኝ፣ ቆሙ።

የታደሰ ጀርባ ይንቀጠቀጣል።

ራሞን መጥረጊያውን ወረወረና ብብቱን ይዞ አነሳው። "ተነስ" አለው። ስለ ፖሊስ አላነሳም። ወደ ኦክላንድ ነዳን።

ሰኞ

እትዬ ኖሪኮ ደወሉ። ራሞን አይከስም። ግን ታደሰን ዳግመኛ ማየት አይፈልግም።

"እውነቱን ነው" አለ ታደሰ፣ ጫማውን ሊያደርግ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ዶክተር ጋ አብረን እንሂድ አልኩት፤ እሺ አለ። እሺ ሲል ከሰማሁት ቆይቷል። መዶሻውን ራሱ ወስዶ የትራኩ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ህሊና "ሃው ዎዝ ኢት?" ብላ ቴክስት አድርጋለች። ፍል ውሃው ጥሩ ነበር ልበላት?

ዛሬ እንደ ትናንት ማታ ሶፋው ላይ አልተኛም፤ አልጋችን ላይ ነኝ። በበሩ በኩል ግን፣ ለመሮጥ እንዲመቸኝ።