የጓዳው ግድግዳ የወደቀ ዕለት

ይርጋዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። መሬት ተንቀጠቀጠ፤ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ እዚሁ ቤታችን።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ልጃችን ሜሮን ጓዳ ጋደም ብላ ነበር። ውሃ አምጪልኝ ብዬ ጠራኋት። ገና ደፉን ስትሻገር ከሥራችን ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ወዲያው የጓዳው ግድግዳ አልጋዋ ላይ ተዘረገፈ። ይርጋ፣ ትራሷ ድንጋይ ሥር ነበር! ጎትቼ ደጅ አወጣኋት።

በሦስተኛው ቀን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት ቅጽ ይዛ መጣች። የተሰቀለ ነገር ተወዛውዟል? ዕቃ ወድቋል? ሰው ደንግጦ ወጥቷል? እያለች ቤት ለቤት ትጠይቃለች። የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ የሚለካው ከምንጩ የወጣውን ጉልበት ነው፤ የእኛ ሰፈር ምን ያህል እንደተናወጠ ግን የሚታወቀው ሰው ከተሰማውና ከፈረሰው ነው አለችኝ። እኔም ኃይለኛ ነበር፣ ማንም ግንብ አይችለውም አልኳት። ለስምህ ፈርቼ ነው፤ "የግንበኛው ቤት ፈረሰ" ሲሉ ሰምቼ ነበር።

እሷ ግን የጎረቤታችንን የእማማ ጥሩን ቤት አየችው። አንተው የሠራኸው ነው፤ ልስኑ እንኳ አልተሰነጠቀም።

"እትዬ፣ ደካማ ግድግዳ በመጠነኛ መንቀጥቀጥም ይወድቃል። እንዴት እንደተሠራ ካልነገሩኝ ልኬቱ ይሳሳታል" አለችኝ።

እያለቀስኩ ነገርኳት። ከዓረብ አገር ተመልሼ የፊቱን ክፍል ሱቅ ላደርገው ስጣደፍ፣ ጓዳውን ቶሎ ቀጥልልኝ ብዬ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው ረጅም ድንጋይ ሳይመጣልህ፣ በጭቃ ብቻ ደረደርከው። ልጅቷ በእኔ ቃል "ኃይለኛ" ብላ የጻፈችውን ሰርዛ "መካከለኛ" ብላ ጻፈች።

አሁን ወንድምህ እንደገና እየገነባው ነው። ሜሮን ከእኔ ጋር ትተኛለች፤ በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ብድግ እንላለን። ለጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን ተናግሬያለሁ። ተዝካርህን ባወጣሁ ቁጥርም ለልጃችን እነግራታለሁ፤ አባትሽ ድንጋዩ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ታገሺኝ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ እላታለሁ።

ያንተው ባለቤት፣
አበባ