አንድም ሳይቀር

ሐምሌ 12 ቀን 1978፣ ኮን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ዛሬም እዚሁ ነን። ላንድሮቨሯ ጭቃ ውስጥ፣ እኛ ሻይ ቤት ውስጥ። የይለፍ ወረቀታችን ላይ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው ይላሉ። ትናንትም ስብሰባ ነበር። ሦስተኛ ሻይ ጠጣሁ፣ ያለ ስኳር። ጌታቸው ይስቃል። ይሄ ሰው መንገድ ሲበላሽ ነው ደስ የሚለው።

ከአዋሽ ወዲህ ምንም አልጻፍኩብሽም፣ ደብተሬ፣ አትቆጪኝ። አዋሽ ፓርክ ሳላ አየን፣ ከርከሮ አየን፣ ጎማ ፈነዳብን። ጌታቸው የዱር አራዊት ባለሙያ ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ክረምቱን ሥራ ፈት። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ክረምት የአገሩን ፓርኮች በሙሉ ዞረን እናያለን ተባብለን ነበር። ከዚያ ዘመቻው፣ እስራቱ፣ ሥራው። ዘንድሮ መ/ቤቱ ወደ ላስታ ሲልከው እኔን በረዳትነት አስመዘገበኝ። የስሜን ተራሮች ፓርክ አካባቢ ጦርነት ነው፣ አይሞከርም። የቀረን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። ገና ፓርክ አይደለም። ቀይ ቀበሮዎቹ ተቆጥረው ሪፖርት ከቀረበ ይሆናል ባይ ነው ጌታቸው።

ሰውዬው መጣ። ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ግን የለም።

ሐምሌ 15፣ ላሊበላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ገባን። ከኮን እዚህ ሁለት ቀን። መኪናዋ አመጣችን ከምል እኛ አመጣናት ብል ይቀላል። ትከሻዬ አልቋል። ከዚህ ወዲያ የመኪና መንገድ የለም፣ ሆቴሉ ግቢ ትቆማለች። ባለሆቴሏ በዚህ ዝናብ ተራራ ላይ ምን ጠፋባችሁ ብላ ጠየቀችን። ቀበሮ ነው አላት ጌታቸው። ያመመን መሰላት።

ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ነገ እንያቸው አልኩት። ስንመለስ አለኝ።

በቅሎዎቹን የሚነዱልን አያ ሞላ ይባላሉ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ከሲታ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከተራራው ሥር ነው፣ እዚያው እናርፋለን።

ሐምሌ 20፣ እሑድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ አያ ሞላ ቤት

ከቅዳሴ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊ/መንበር ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አስቆመልን። የመጣንበትን እንድናስረዳ። ጌ. ሰው ፊት ምላሱ ይተሳሰራል፣ አንተ ንገራቸው አለኝ። መምህር አይደለሁ? ሰው ተሰብስቦ ሲያየኝ ደግሞ ቀልድ ያምረኛል። ለቆጠራ ነው የመጣነው አልኩ። አንድም ሳይቀር ቆጥረን ነው የምንሄደው፣ ጉድጓድ ቢገባም አያመልጠንም አልኩ።

ማንም አልሳቀም። የላስታ ሰው ጨዋታ አያውቅም እንዴ?

ቀበሮ ማለቴ ነበር። ቀበሮ ብያለሁ አይደል? ብያለሁ መሰለኝ።

ሐምሌ 22፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ተራራው ላይ

አየን! ሦስት! በጓሳው ሣር ውስጥ ለውስጥ፣ ቀይ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንዱ አይጥ አፉ ውስጥ። ጌታቸው ክንዴን ጨምቆ ሊሰብረኝ። እንባ ዐይኑ ውስጥ አየሁ፣ ጉንፋን ነው አለ። በዚህ ዕድሜው። ወንድም ቢኖረኝ ይሄን ያህል እወደው ነበር? እንጃ።

በኋላ፣ 10 ሰዓት። እንቁላል ፈልገን ወደ መንደሩ ወረድን። ቤቱ ሁሉ ዝግ። ምድጃው ትኩስ ነው፣ ሰው የለም። ውሻ ብቻ። ሰው የት ሄደ ስላቸው አያ ሞላ እርሻ ላይ ነው አሉኝ። በዚህ ዶፍ? ፊታቸውን አዞሩ። ሁለት ቀን ሆናቸው እንዲህ ካኮረፉኝ፣ ምን እንዳደረግኋቸው አላውቅም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ታገሺኝ፣ ደብተሬ።

ጌታቸው ወደቀ። ጠዋት የቀበሮ ጉድጓድ አይቶ ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ። ሣሩ እርጥብ ነው። ተጠንቀቅ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ የለም። የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርዶ ድንጋይ ላይ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። አየሁት። ነጭ ነው።

እኔና አያ ሞላ እየተጋገዝን እስከ ቤታቸው ድረስ አመጣነው፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። በጅብራ ግንድ አሠርንለት። ሸሚዜን ቀድጄ ጠመጠምኩበት። ቴትራሳይክሊን አለኝ፣ የአራት ቀን። ላሊበላ ጤና ጣቢያ አለ፤ በእግር ሙሉ ቀን ነው።

ሐምሌ 25፣ አርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በቅሎ ላይ ሞከርን። መቶ እርምጃ ሳንሄድ ራሱን ሳተ፣ ደሙም አልቆም አለ። መልሰን አወረድነው። በቃሬዛ እንጂ በሌላ አይሆንም። ለዚህ ቁልቁለት የሚቀባበሉ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ።

አያ ሞላ የሚሉት፣ እዚህ አገር በሽተኛ አለ ተብሎ ከተጣራ የማይወጣ ወንድ የለም፣ ጠላትህም ቢሆን ይሸከምሃል። ጉብታው ላይ ወጥተው ተጣሩ። "ኧረ የሰው ያለህ! በሽተኛ ወድቆብናል! ኧረ ቃሬዛ!" ድምፃቸው ከገደል ገደል ሄዶ ተመለሰ። ሰዎቹ ማዶ ናቸው፣ ጭስ አያለሁ። አንድም አልመጣም። ደግመው ተጣሩ። እኔም ጮህኩ።

በኋላ፣ 8 ሰዓት። ተቆጣሁ። ይሄ ነው የላስታ ደግነት አልኳቸው። እሳቸው ቁጭ ብለው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ነገሩኝ። ቃል በቃል ልጻፈው።

"አምናም እህል ልንሰጣችሁ ነው፣ ቆጠራ ነው ብለው ጠሩን። የተቆጠረ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ለሰፈራ ሄደ። የኔም ልጅ ተቆጥሮ ነበር፣ ይኑር ይሙት አላውቅም። አንተ ደግሞ መጥተህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጉድጓድ ቢገባም አልክ። ሰው ምን ይበል?"

ቀበሮ አላልኩም፣ ደብተሬ። አሁን ትዝ አለኝ። አንዴም ቀበሮ አላልኩም። ጌታቸው የተኛው የኔን ቀልድ ዋጋ እየከፈለ ነው። ተሸካሚ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 26፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ትኩሳት። እግሩ አብጦ ቆዳው አብለጨለጨ። ሽታ ጀምሮታል። ጌ. ሽታው ይሰማው እንደሆነ ዐይን ዐይኑን አያለሁ። ሰዎቹ መጡ ወይ ይለኛል። እየመጡ ነው እላለሁ። ከቤት ስንወጣ እናቱ፣ እኔንም ያሳደጉኝ፣ ሁለት እጄን ይዘው አደራ ብለውኛል። ምን ብዬ እገባለሁ?

10 ሰዓት። ሊ/መንበሩ ዘንድ ወርጄ ተመለስኩ። ሚሊሻ ስጠኝ አልኩት። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አይጮህም፣ እንዲያውም አዘነልኝ። ግን ኮታ አለበት። ለሰፈራ እንዲያቀርብ የተጠየቀው አባወራ ጎድሎበታል፣ ካልሞላ እሱ ራሱ ይጠየቃል። ለሱ ስብሰባ ሰው አይመጣም፣ ሲያየው ይሸሻል። ለቃሬዛ ግን ይመጣል፣ ካመነ። አንተ አሳምነህ አምጣቸው አለኝ። ወንዙ ድረስ ይሸከሙ። እሱ ከሚሊሻዎቹ ጋር ወንዙ ማዶ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ በሽተኛዬን ሚሊሻው ላሊበላ ያደርስልኛል። ሰዎቹ ደግሞ ለኮታው እዚያው ይቀራሉ።

ሰደብኩት። አልተቆጣም። "እስከ ነገ አስብበት ጓድ መምህር" አለኝ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

እሺ አልኩት።

ጻፍኩት፣ እንግዲህ አይፋቅም። ጠዋት ጌታቸው አላወቀኝም። በእናቱ ስም ጠራኝ፣ ውሃ ጠየቀኝ፣ ውሃውን ስሰጠው ጮኸ። ቀይ መስመር ከእግሩ ተነሥቶ ወደ ጭኑ ወጥቷል። መድኃኒቱ ዛሬ አለቀ። ሮጬ ወረድኩና እሺ አልኩ፣ ነገ ጠዋት አልኩ፣ ሮጬ ተመለስኩ። ገደሉ ላይ ለምን አልወደቅሁም?

8 ሰዓት። ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። አያ ሞላን አሳመንኳቸው። የጌታቸውን የቆጠራ መዝገብ ከፍቼ አሳየኋቸው። ሥዕሉን፣ ጉድጓዱን፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት የሚለውን። ማንበብ አይችሉም፣ ቀበሮውን ግን ለዩት። በጣታቸው ጆሮውን ነኩት። ቀበሮ ብቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብቻ ነው አልኩ። ማልልኝ አሉ። በአቡነ ዮሴፍ ማልኩ። በሐሰት አልማልኩም። ቆጠራው የቀበሮ ነው። ስለ ወንዙ አልጠየቁኝም።

ተነሡ። ሰባቱንም ጎጥ እዞራለሁ፣ በልጄ እምልላቸዋለሁ አሉ። በዚያ በተወሰደው ልጃቸው። ዱላቸውን ይዘው በዝናብ ሄዱ። አላስቆምኳቸውም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

መጡ።

ዐሥራ አራት ናቸው። ዐሥራ ሁለት ብዬ ነበር፣ ሁለቱ ቢደክማችሁ ብለው ተከትለው ነው። ግቢው ሞልቷል። ሁለት ረጅም እንጨት ቆርጠው በጠፍር እየጠፈሩ ነው፣ አንዱ ጋቢውን አውልቆ አነጠፈበት፣ ራሱ በቁምጣና በሸሚዝ ቀረ። ይበርዳል። ይስቃሉ! በኔ ነው የሚስቁት። ቀበሮ ቆጣሪው የትኛው ነው ብሎ አንዱ ጠየቀ፣ አያ ሞላ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ለቀበሮዎቹም ሰፈራ ወጣላቸው ወይ አለ ሌላው። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ በቅል ወተት ይዘው ገቡ፣ የጌታቸውን ግንባር ዳሰው እግዜር ይማርህ አሉት።

ጌታቸው ዛሬ ነቅቷል። ወሬውን ሰምቶ መጡ እኮ አለኝ። እኔ ስለ ሰው የምልህን አታምንም፣ መጡ እኮ። ከንፈሩ ደርቋል። ወተቱን ሁለት ጊዜ ተጎነጨ።

ልብሴን ልያዝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። አንቺን ነው የያዝኩት።

ቅድም አያ ሞላን በዘዴ ጠየቅኋቸው። ወንዙን የማይነካ መንገድ አለ ወይ። አለ አሉ፣ በገደሉ ጫፍ፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ለጤነኛም ይከብዳል፣ ለምን ትጠይቃለህ? እንዲያው ነው አልኩ። ጌታቸው ሁለት ቀን የለውም። ይሄን ሐኪም ሊነግረኝ አያስፈልግም፣ ያሸተተ ሁሉ ያውቀዋል።

ዝም ካልኩ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ጋ ነን። ማታ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። እናቱ ልጃቸውን ያገኛሉ። ዐሥራ አራት እናት ደግሞ አያገኙም፣ ግን እነሱን አላውቃቸውም፣ ስማቸውን አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈልግም ነበር። አሁን ሰማሁ። ያ ጋቢውን ያወለቀው ደሴ ይባላል። ሚስቱ ሳምንቷ ነው፣ ገና ሳትወልድ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው። ምነው ባይናገር!

ከተናገርኩ ቃሬዛውን ጥለው ይሄዳሉ። መብታቸው ነው። ያኔ ጌታቸው እዚህ ቤት፣ በእጄ ላይ። አያ ሞላም ዳግመኛ ሰው አያምናቸውም፣ በልጃቸው ነው የማሉት።

ጌታቸውን ልጠይቀው አሰብኩ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ትናንት ያልጠየቅሁት።

በር ላይ ናቸው። አያ ሞላ እየጠሩኝ ነው፣ መምህር፣ ፀሐይ ሳይገፋ እንጂ! መጣሁ አልኳቸው። ቃሬዛውን አራት ሆነው ወደ ቤት አስገቡት፣ ጌታቸውን በቀስታ እያሉ ሲያነሡት ይሰማኛል፣ ቀስ፣ ከእግሩ በኩል ቀስ። እንደ ራሳቸው ሰው።

ጌታቸውን አላየውም። ካየሁት አልችልም። በቀጥታ ወደ ደጅ እወጣና ወንዙ ማዶ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ማን እሺ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። የገደሉም መንገድ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እነሱ ያውቃሉ።